ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ፦ ከጀበርት ዘር የተገኙ የአል-አዝሀር የሒሳብና የሥነ ፈለክ መምህር (1698–1774)

በካይሮ ከተማ በሚገኘው በታላቁ የአል-አዝሀር መስጊድ ለብዙ መቶ ዓመታት ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ደረሶች በየአገራቸው ስም በተሰየሙ ማደሪያዎች ተመድበው ይኖሩ ነበር። ማደሪያዎቹ በዐረብኛ ሪዋቅ ይባላሉ። የሶርያ፣ የመግሪብና የቱርክ ደረሶች የየራሳቸው ሪዋቅ እንደ ነበራቸው ሁሉ፣ ከሐበሻ ምድርና ከአካባቢው የሚሄዱት ደግሞ የጀበርት ሪዋቅ የሚባል ማደሪያ ነበራቸው። ደረሳው በዚያ ያድራል፤ ለትምህርት ከተሰጡ የወቅፍ ንብረቶች ከሚገኘው ገቢም የዕለት እንጀራው ይታሰብለታል። የሪዋቁ አለቃ ተግባር የደረሶቹን ስም መያዝ፣ ድርሻቸውን ማከፋፈልና ስለ እነርሱ በሹማምንት ፊት መናገር ነበር።

የሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ቤተሰብ ይህን የአለቅነት ኃላፊነት ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሒጅራ ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀበርት የሚለው ስም በዛሬው አነጋገር በተለይ ለትግራይና ለኤርትራ ሙስሊሞች የሚሰጥ ቢሆንም፣ በዚያ ዘመን በካይሮ የነበረው ትርጉም ከዚህ የሰፋ ነበር። ከዘይላ ወደብ ወደ መሀል አገር ዘልቆ ያለውን ምድርና ከዚያ የሚመጣውን ሙስሊም ሁሉ የሚያመለክት ስም ነበር። የዚህ ምድር ሰዎች ለትምህርት ወደ ዐረብ አገርና ወደ ግብፅ መሄዳቸውም በሸይኽ ሐሰን ቤተሰብ የተጀመረ አይደለም። የዘይላው ሊቅ ፈኽረዲን ዑስማን አዝ-ዘይለዒ በ1305 ካይሮ ገብተው በሐነፊ መዝሀብ ፊቅህ ያስተማሩ ሲሆን፣ የጻፉት ማብራሪያ እስከ ዛሬ በማስተማሪያነት ይጠቀሳል። ጀበርቶች በግብፅ ብቻ ሳይሆን በመካና በመዲናም ማደሪያ ነበራቸው። በድህነታቸው፣ በዓለማዊ ነገር ባለመሳባቸውና እስከ ሐጅ ድረስ በእግር በመጓዛቸው ይታወቁ ነበር።

የሸይኽ ሐሰን ሰባተኛ ቅድመ አያት ዐብዱረሕማን በአሥረኛው መቶ ዓመተ ሒጅራ መጀመሪያ ገደማ ከዚሁ አገር ተነሥተው በባሕር ወደ ጅዳ ተሻገሩ። በመካና በመዲና ከተቀመጡ በኋላ ወደ ካይሮ ሄዱ፤ በአል-አዝሀር ተምረው የሪዋቁ አለቃ ሆኑ፤ በዚያው አግብተው ወለዱ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በቋንቋም በኑሮም ግብፃውያን ቢሆኑም፣ ጀበርቲ የሚለውን ስም ግን አልተዉም። የሪዋቁ አለቅነት በእጃቸው እስካለ ድረስ ከአባቶቻቸው አገር የሚመጣ ደረሳ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያንኳኳው የእነርሱን በር ስለ ነበር፣ ሊተዉት ቢፈልጉም የሚቻላቸው አይመስልም።

ሐሰን በ1110 ዓመተ ሒጅራ፣ ይኸውም በ1698 ገደማ፣ በካይሮ ተወለዱ። አባታቸው ኢብራሂም ልጃቸው ገና የአንድ ወር ሕፃን ሳሉ ሞቱ። ሕፃኑን ያሳደጓቸው ባለጸጋ የነበሩት አያታቸው ሲሆኑ፣ በሞግዚትነት የተሾሙላቸው ደግሞ በዚያ ጊዜ የአል-አዝሀር የበላይ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ አን-ነሽረቲ ነበሩ። ሐሰን አሥር ዓመት ሲሆናቸው ቁርኣንን በቃላቸው አጠናቀቁ። በዚያው ሰሞን ሞግዚታቸው ዐረፉና በእርሳቸው ወንበር ማን ይተካ በሚለው ላይ በመምህራን ተከታዮች መካከል በመስጊዱ ውስጥ ጠብ ተነሣ፤ ጥይት ተተኩሶም ሰዎች ሞቱ። ልጁ ያደጉት ትምህርትና ሥልጣን እንዲህ በተቀራረቡበት ስፍራ ነበር። በኋለኛ ዘመናቸው ከሹመት ሽኩቻ ርቀው በቤታቸው ማስተማርን መምረጣቸውን ለሚያስብ ሰው፣ ይህ የልጅነት ትዝታ ከንቱ ሆኖ የቀረ አይመስልም።

ወጣቱ ሐሰን እንደ ዘመኑ ልማድ የዐረብኛ ሰዋስው፣ ፊቅህ፣ ሐዲስና የአመክንዮ ትምህርት ተምረው ለማስተማር ፈቃድ አገኙ። ከቤተሰባቸው በወረሱት የሐነፊ መዝሀብም የታወቁ መምህር ሆኑ። አያታቸው ያወረሷቸው ንብረት ስለ ነበር፣ ራሳቸውም ስለሚነግዱ፣ እንደ ብዙዎቹ መምህራን ከባለሥልጣን ደጅ ደመወዝ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። ቱርክኛና ፋርስኛ ተማሩ። የቁም ጽሕፈትንም ሠለጠኑበት።

ሕይወታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ የመራው ግን ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። ሑሳመዲን አል-ሂንዲ የሚባሉ በሒሳብና በሥነ ፈለክ የበለጸጉ የሕንድ ሊቅ ወደ ግብፅ መጥተው በአሮጌው ካይሮ በአንድ መስጊድ ዐርፈው ነበር። ጥቂት ደረሶችም እየሄዱ ይማሩባቸው ጀመር። ሸይኽ ሐሰን ይህን ሲሰሙ እርሳቸውም ሄዱ፤ መምህሩም ወደዷቸው። ከዚያ በኋላ ሸይኽ ሐሰን እንግዳውን ለምነው ወደ ራሳቸው ቤት አመጧቸው፤ ለብቻቸው ማረፊያ ሰጥተው እያስተናገዱ ዕለት ዕለት ከእርሳቸው ተማሩ። ጂኦሜትሪን፣ የከዋክብትን አካሄድ ስሌትና የመሣሪያዎችን አሠራር የተማሩት በዚህ ሁኔታ ነው። መምህርን ቤት ወስዶ ማስቀመጥ የባለጠጋ አድራጎት ነው ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ በዚያ ከተማ ከእርሳቸው የበለጡ ባለጠጎች ብዙ ነበሩ።

በዚያ ዘመን እነዚህ ትምህርቶች በአል-አዝሀር ምን ያህል ተዘንግተው እንደ ነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1740ዎቹ መጨረሻ ገደማ አሕመድ ፓሻ የተባለ፣ ሒሳብ የሚወድ የቱርክ ሹም ግብፅን እንዲገዛ ተሾመ። ፓሻው ካይሮ እንደ ገባ ታላላቅ ዑለማዎች ሊቀበሉት ቀረቡ። እርሱም ስለ ሒሳብና ስለ ሥነ ፈለክ ጥያቄ አነሣ። ዑለማዎቹ ይህን ትምህርት አናውቀውም ብለው ወደ ኋላ አሉ። ፓሻው ተገርሞ ዝም አለ።

የአል-አዝሀር የበላይ ሸይኽ ዐብዱላህ አሽ-ሸብራዊ በየዓርቡ በቤተ መንግሥቱ መስጊድ ኹጥባ ያደርጉ ስለ ነበር ከፓሻው ጋር ይገናኙ ነበር። አንድ ቀን ፓሻው በልቡ የያዘውን አወጣው። ግብፅ የዕውቀት ምንጭ መሆኗን በአገሩ ሲሰማ ኖሮ ለማየት ይናፍቅ እንደ ነበር፣ መጥቶ ሲያያት ግን ዝናዋ ከእርሷ በልጦ እንዳገኘው ነገራቸው። ሸይኹ ግብፅ እንደ ተባለላት መሆኗን ተናገሩ። ፓሻው ታዲያ ሊቃውንቱ የት አሉ አለ። ሸይኹም እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው የሊቃውንቱ ታላላቆች ሳይሆኑ በመንግሥት ፊት ጉዳያቸውን የሚያስፈጽሙ አገልጋዮች መሆናቸውን፣ ከአል-አዝሀር ሰዎችም አብዛኞቹ ሒሳብ የሚማሩት ለውርስ ክፍፍል የሚበቃውን ያህል ብቻ መሆኑን ሳይሸሽጉ አስረዱ።

ፓሻው በዚህ አልረካም። የሶላት ሰዓት፣ የቂብላ አቅጣጫ፣ የጾም መግቢያና የጨረቃ መውጫ የሚታወቁት በዚሁ ትምህርት ስለ ሆነ፣ ዕውቀቱ ከሃይማኖት ውጭ ሳይሆን የአምልኮ ሁኔታ ነው ሲል ተከራከረ። አሽ-ሸብራዊ ነገሩን አልካዱም። ነገር ግን ይህ ዕውቀት ጥቂቶች ከያዙት ሌሎቹ ከግዴታው የሚድኑበት ፈርድ ኪፋያ ነው አሉ። ቀጥለውም የነገሩን ሥር ገለጡ፦ ትምህርቱ መሣሪያ፣ የእጅ ሙያና ብዙ ወጪ ይፈልጋል፤ የአል-አዝሀር ደረሶች ደግሞ አብዛኞቹ ከየገጠሩ የተሰበሰቡ ድሆች ናቸው። ፓሻው ጥቂቶቹ ታዲያ የት ናቸው ብሎ ሲጠይቅ፣ በየቤታቸው እንዳሉና የሚፈልጋቸው ሰው ሊሄድባቸው እንደሚገባ ነገሩት። የሸይኽ ሐሰንንም ስም ጠሩለት። ይሁን እንጂ ሰውየው በእርሳቸው ትእዛዝ ሥር ስላልሆኑ ልጠራልህ አልችልም አሉት። ፓሻው ራሱ ደብዳቤ ጽፎ መልእክተኛ ላከ።

ሸይኽ ሐሰን ሄዱ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቅዳሜና ረቡዕ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ እየወጡ ፓሻውን ያስተምሩት ነበር። ፓሻውም የፀሐይን ጥላ በመከተል ሰዓትን የሚያመለክቱ ሠንጠረዦችን መሥራት ተማረ። ሠንጠረዦቹ በእብነ በረድ ላይ ተቀርጸው አንዱ በአል-አዝሀር፣ ሌላው በኢማም ሻፊዒይ መስጊድ ጣሪያ ላይ ተተከለ። አሽ-ሸብራዊ ከዚያ ወዲህ ሸይኽ ሐሰንን ባገኟቸው ቁጥር፣ በዚህ ፓሻ ፊት የእኛን ነውር እንደ ሸፈንክ አላህ ያንተንም ይሸፍንልህ እያሉ ይመርቋቸው እንደ ነበር ይነገራል። በቀልድ መልክ የተነገረ ምርቃት ቢሆንም፣ በውስጡ የተቋሙ የበላይ የሰጡት የእምነት ቃል አለ።

ሸብራዊ ያነሡት የድህነት ምክንያት እውነት ነበር። ሸይኽ ሐሰንም መልስ ሊሰጡ የሞከሩት ለዚሁ ምክንያት ነው። በቤታቸው አስተርላቦች፣ የመለኪያ መሣሪያዎች፣ የመቅረጫና የማንጠሪያ ዕቃዎች ነበሩ። ደረሳው መሣሪያ ስለሌለው ትምህርቱ እንዳይቀርበት ቤቱ ራሱ የመሣሪያ ክፍል ሆኖለት ነበር። ከደረሶቹ አንዳንዶቹ እንደ ልጅ ከእርሳቸው ጋር ይኖሩና በማዕዳቸው ይበሉ ነበር።

ከሁሉ በላይ ስለ ደግነታቸው የሚያስረዳው ግን የመጻሕፍታቸው ነገር ነው። ሸይኽ ሐሰን ብዙ ውድ የእጅ ጽሑፎችን የሰበሰቡ ሰው ነበሩ፤ ከቱርክ ሡልጣን ከሙስጠፋ ዘንድ በስጦታ የተላኩላቸው ሥዕል ያላቸው የፋርስ መጻሕፍትም ነበሯቸው። ከእነዚህ ሌላ በቤታቸው አንድ ስፍራ ለይተው፣ በአል-አዝሀር ዘወትር የሚቀሩትን ኪታቦች ቅጂዎች አስቀመጡበት። ደረሳ ሁሉ እየገባ ማንንም ሳያስፈቅድ የሚፈልገውን ክፍል ይወስዳል፤ ቀርቶ ሲጨርስ መልሶ ቀጣዩን ይወስዳል። የዚያን ዘመን ኪታብ ሁሉ በእጅ የሚገለበጥ፣ በየጥራዙ ተለያይቶ የሚያዝ ስለ ነበር እንዲህ ያለው አሠራር የተመቸ ነበር። ለመጥፋትም የተመቸ ነበር። አንዱ ወስዶ አይመልስም፤ ሌላው ጥራዙን ይጥላል፤ ሌላው ኪታቡን ለባልደረባው ትቶ ወደ አገሩ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ከመጻሕፍቱ የሚበዙት ጎድለውና ተበትነው ጠፉ። ሸይኹ ይህን እያዩ ስፍራውን አልዘጉም። የቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ለሆነ ሰው ይህ አድራጎት ስሕተት ሊመስለው ይችላል፤ ኪታብ መግዛት ለማይችል የገጠር ደረሳ ግን ሌላ በር አልነበረውም።

በ1172 ዓመተ ሒጅራ፣ በ1759 አካባቢ፣ በካይሮ ገበያ የሚዛን ነገር ተበላሸ። መመዘኛ ብረቶቹ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ፣ ትልልቅ ሸክም የሚመዘንባቸው ባለ ረጅም ክንድ ሚዛኖችም ምልክታቸው የተዛባ ሆኖ ተገኘ። የሚዛኑን አሠራርና አመላከት በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሚዛን ሲጓደል ከሁሉ በፊት የሚጎዳው እህሉን ለመሸጥ የመጣው ገበሬና የዕለት ቀለቡን የሚሸምተው ድሃ ነው። ሸይኽ ሐሰን ነገሩን ከመምህር ወንበራቸው ተነሥተው ያዙት። ቀጥቃጮችንና ብረት አቅላጮችን አስመጥተው ከትንሹ እስከ ትልቁ ያሉትን መመዘኛዎች በስሌት አስተካክለው አሠሩ፤ የሚዛኖቹን ክንድም በጂኦሜትሪ ደንብ አስመለከቱ። ወጪውን ከራሳቸው ገንዘብ ከፈሉ። ከዚያም የመዛኞችን አለቆች ጠርተው ስሕተታቸውን አሳዩዋቸው፤ ትክክለኛውንም አስተማሯቸው። ሊታረም የሚችለው ታረመ፤ ያረጀው ተጣለ። ስለ ሚዛን አሠራርም አንድ ኪታብ ጻፉ። ፊቅህ የሚያስተምር ሸይኽ ከብረት አቅላጭ ጋር ምን ያገናኘዋል ለሚል ሰው፣ ሚዛንን አታጓድሉ የሚለው ትእዛዝ በቁርኣን በተደጋጋሚ የተነገረ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ዝናቸው ከአገር ወጥቶ ነበር። በ1746 ገደማ ከአውሮፓ የመጡ ሰዎች ጂኦሜትሪ እንደ ተማሩባቸውና ከአገራቸው ሥራ የተመረጡ መሣሪያዎችን በስጦታ እንዳበረከቱላቸው ተጽፏል። ታሪኩን የጻፉት ልጃቸው፣ እነዚያ ሰዎች ትምህርቱን ወደ አገራቸው ወስደው የነፋስ ወፍጮንና ከባድ ሸክም መጎተቻን የመሰሉ ሥራዎች እንዳወጡበት ይጨምራሉ። የነፋስ ወፍጮ በአውሮፓ ከዚያ አስቀድሞ ብዙ መቶ ዓመታት ይሠራበት ስለ ነበር፣ ይህን የአባት ፍቅር ያጋነነው አድርጎ መውሰድ ይገባል። ተማሪዎቹ መምጣታቸውንና መምህሩ ለሃይማኖታቸው ልዩነት ሳይሉ ማስተማራቸውን ግን የሚያጠራጥር ነገር የለም።

ከደረሶቻቸው መካከል ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣ አሉ። የሰዋስው ሊቁ ሙሐመድ አስ-ሰባን ሥነ ፈለክን የተማሩት ከሸይኽ ሐሰን ነው፤ የሰባን የሰዋስው ማብራሪያ በብዙ አገሮች ደረሶች እጅ ይገኛል። የማሊኪ መዝሀብ ሊቁ ሙሐመድ አድ-ደሱቂም ከእርሳቸው ተምረዋል። የሰባን ደረሳ የነበሩት ሐሰን አል-ዐጣር ከ1830 ጀምሮ የአል-አዝሀር የበላይ ሆኑ። የአል-ዐጣር ደረሳ ሪፋዓ አጥ-ጠህጣዊ ደግሞ በ1826 ወደ ፓሪስ ከተላኩት ተማሪዎች ጋር ሄደው ሲመለሱ የግብፅን የትርጉም ትምህርት ቤት መሩ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሒሳብ በአል-አዝሀር መደበኛ ትምህርት ሆኖ ሲገባ፣ ነገሩ እንደ አዲስ ነገር የታያቸውና የተቃወሙ ብዙዎች ነበሩ። ከመቶ ዓመት በፊት ከመስጊዱ ጥቂት እርምጃ ርቆ በሚገኝ ቤት ያለ ደመወዝ ሲሰጥ እንደ ነበር የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው።

ሸይኽ ሐሰን በመጨረሻ ዘመናቸው የሥነ ፈለኩን ትምህርት ለደረሶቻቸው ትተው ወደ ፊቅህ አዘነበሉ። በቤታቸው ውስጥ የነበረው ሐዘን ከባድ ነበር። ከአርባ በላይ ልጆች ወልደው ነበር፤ ሁሉም ለአቅመ አዳምና ሔዋን ሳይደርሱ ሲያልቁ የቀረው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። ለእርሱም የዚያን ከዘይላ ምድር የመጣውን የመጀመሪያ አባታቸውን ስም፣ ዐብዱረሕማን፣ አወጡለት።

በ1188 ዓመተ ሒጅራ፣ በ1774፣ ለጥቂት ቀናት ታመው ዐረፉ። በአል-አዝሀር ተሰገደባቸው።

ልጃቸው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ በዚያ ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ። በኋላም የግብፅን የዘመን ታሪክ በመጻፍ ከአባታቸው ይልቅ ስማቸው የገነነ ሊቅ ሆኑ። ስለ ሸይኽ ሐሰን የሚታወቀው አብዛኛው ነገር በዚያ ታሪክ ውስጥ ተጽፎ የቀረ ነው። በ1798 የናፖሊዮን ጦር ካይሮን ሲይዝ ዐብዱረሕማን በከተማው ነበሩ። የፈረንሳይ ወታደሮች ፈረሶቻቸውን እየነዱ አል-አዝሀር ገብተው የደረሶችን ኪታቦች ሲበትኑና ሲረግጡ የሆነውን በምሬት መዘገቡ። የፈረንሳይ ሊቃውንት የከፈቱትን የምርምር ቤትም ደጋግመው ጎበኙ፤ በልጅነታቸው በቤታቸው ያዩአቸው ከነበሩት የተራቀቁ የከዋክብት መመልከቻዎችንም አዩ። ከሁሉ አብልጠው በዝርዝር የጻፉት ግን ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። አንባቢዎች በተወሰነ ሰዓት መጥተው በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ጠባቂው ማንኛውም ሰው፣ ተራ ወታደር እንኳ ቢሆን፣ የጠየቀውን መጽሐፍ ያመጣለታል፤ አንብቦ ሲጨርስም ተቀብሎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።